የሞላሁት ባዶ ቦታ

ያልሠራሁትን ሥራ እንደ ሠራሁ አድርጌ ጽፌአለሁ። ስጠየቅም ውሸቱን በአፌ ደግሜዋለሁ። ይህ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ የሌሊት ሠራተኞች ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ቤቱንም አለቆቼንም በስም አልጠራም። ልጅ ሳለሁ፣ በንስሐ የሌላውን ሰው ጥፋት ከራሴ ጋር ቀላቅዬ ስናገር፣ የንስሐ አባቴ «የራስሽን ብቻ ንገሪኝ» ይሉኝ ነበር። አሁንም የራሴን ብቻ ለመናገር እሞክራለሁ። የራሴን ከሌላው ለይቶ ማውጣቱ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነልኝም። ለረጅም ጊዜ የተደበቅኩት እዚያው ቅልቅሉ ውስጥ ስለነበር ይመስለኛል።

ጎናቸውን ራሳቸው መቀየር የማይችሉ ሰዎች በየተወሰነ ሰዓት መገላበጥ አለባቸው። የሰውነት ክብደት አንድ ቦታ ላይ ረጅም ሰዓት ሲያርፍ ደም እዚያ በደንብ አይደርስም። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ዝም ከተባለ ቁስሉ ወደ ሥጋ፣ አንዳንዴም እስከ አጥንት ይወርዳል። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ለመኝታ ቁስል የተጋለጠ አዋቂ ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ፣ በጣም የተጋለጠው ደግሞ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ ቦታ እንዲቀይር ይመክራል። በእኛ ቤት ለአንዳንዶቹ የተጻፈው ዕቅድ ከዚያም የጠበቀ ነበር፤ በየ2 ሰዓቱ ይል ነበር። ሰውን ሳይጎዱ ለማገላበጥ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በእኛ ፎቅ ሌሊት የምንመደበው ሁለት ነበርን። አንዷ ታማ ከቀረችና ምትክ ካልተገኘ አንዷ ብቻዋን ታድራለች። ሁለት ሆነን ባደርንበትም ሌሊት፣ አንድ ሰው ወድቆ ወይም ተረብሾ አንዳችንን ከያዘ፣ የሌሎቹ ሰዓት ያልፋል።

ለእያንዳንዳቸው ቻርት አለ። ሰዓት፣ ያረፉበት ጎን፣ የሠራተኛዋ ፊርማ ይገባበታል። ሳይገላበጡ ያለፈ ሰዓት ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ እውነት ነበር። ንጋት ላይ፣ የቀን ሠራተኞች ከመግባታቸው በፊት፣ ያን እውነት የሞላሁት እኔ ነኝ። ግራ፣ ጀርባ፣ ቀኝ እያልኩ ጻፍኩ። እስክሪብቶ እቀይር ነበር፤ ለአንዱ ሰዓት ሰማያዊ፣ ለሌላው ጥቁር። ሰዓቱንም ድፍን አላደርገውም ነበር፤ 2:00 ከማለት 2:10፣ 4:00 ከማለት 4:05 እጽፋለሁ። ይህን የምናገረው ራሴን አክፍቼ ለማሳየት አይደለም። ድካም ነው፣ እንቅልፍ ነው፣ እጄ ሳላስበው ነው የጻፈው የሚል ሐሳብ ዛሬም አልፎ አልፎ ስለሚመጣብኝ ነው። የደከመ ሰው ሁለት እስክሪብቶ አይመርጥም።

ጻፊ ብሎ ያዘዘኝ አልነበረም። የተባልኩት «ቻርቶቹ ላይ ክፍተት እንዳይኖር» ነው። ይህ አባባል ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው ሰዎቹን በሰዓታቸው አገላብጡ፣ ካልቻላችሁም አሳውቁን የሚል ነው። ሁለተኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎም ይገባዎታል፤ እኔም ገብቶኛል። ሁለተኛውን የመረጥኩት ተገድጄ አይደለም። የመጀመሪያው መንገድ ጥያቄ ማንሣትን ይፈልግ ነበር፤ ሁለተኛው እስክሪብቶ ብቻ።

ከእኔ ጋር የምትሠራው ልጅ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣች ነበረች። የብሪታንያ መንግሥት በፈረንጆቹ የካቲት 2022 የጤናና እንክብካቤ ቪዛውን ለተንከባካቢዎች ሲከፍት ከመጡት ብዙዎች አንዷ ናት። የእነሱ ዓይነት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ የተያያዘው ከቀጣሪው ጋር ነው። ቀጣሪው ስፖንሰር የማድረግ ፈቃዱን ቢነጠቅ፣ ሌላ ስፖንሰር ለመፈለግ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣት 60 ቀን ነው። አንድ ንጋት፣ ያለፈውን ሰዓት ባዶ ትታ ቻርቱን ወደ ቦታው ልትመልስ ስትል አየኋት። «እዚህ ጋ ክፍት ነው» አልኳት። «እትዬ፣ ይቺን ሰዓት እኮ አላገላበጥናቸውም» አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ወቀሳ አልነበረም፤ የረሳሁ መስሏት ልታስታውሰኝ ነው። «ሙዪው ልጄ፣ ለአንቺው ነው» አልኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝና ሞላችው።

ለአንቺው ነው። ይህን ቃል ለእሷ ከመናገሬ በፊት ለራሴ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ለልጆቹ ብዬ ነው፤ ቤቱ ቢዘጋ ቪዛቸው ይበላሻል። ለአረጋውያኑ ብዬ ነው፤ ቤቱ ቢዘጋ ወዴት ይወሰዳሉ? ሁለቱም ሐሰት አልነበሩም፤ ክፋታቸውም እሱ ነው። እውነት የሆነ ነገር ውሸትን ሲሸፍን፣ ሸፋኙ ራሱ ውሸቱን አያየውም። ለብዙ ጊዜ ራሴን ስመረምር ከነዚህ ሁለት ምክንያቶች በታች አልወርድም ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ኅሊናዬ ያርፋል። ከዚያ በታች ያለው ግን ሌላ ነው። እኔ ቪዛ አያሰጋኝም፤ ዜግነት ከወሰድኩ ቆይቻለሁ። ሥራ ባጣ ሌላ ቦታ እገባ ነበር። ያሰጋኝ ስሜ ነው። «እሷ ካለች ሌሊቱ ይያዛል» ይሉኝ ነበር፤ ይህን ስም ወድጄዋለሁ። ሁለት ሰው አይበቃንም ብዬ ብናገር፣ ሌሊቱ በእኔ እጅ አልተያዘም ማለቴ ነው። አላገላበጥኩም ከማለት ይልቅ አገላበጥኩ ብሎ መጻፍ የቀለለኝ ከዚህ የተነሳ ነው።

አስተዳደጌንም ምክንያት ለማድረግ ሞክሬያለሁ። የቤትን ገመና ወደ ውጭ ማውጣት ነውር ነው ተብዬ አድጌአለሁ። የሰውን ገመና የሚሸፍን የተባረከ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ነገር ግን የማንን ገመና ነበር የሸፈንኩት? አልጋ ላይ የተኙት ሰዎች ገመና የላቸውም ነበር፤ እርጅናና ሕመም ገመና አይደሉም። የሸፈንኩት ሌሊት ሰው የሚያሳንሰውን አሠራርና የራሴን ፍርሃት ነው። ያሳደጉኝ ሰዎች ይህን አላስተማሩኝም።

አሁን ስለ ተቆጣጣሪው ልናገር። በእንግሊዝ ሆስፒታሉን፣ ክሊኒኩን፣ የአረጋውያን መኖሪያውንና በየቤቱ እየዞረ እንክብካቤ የሚሰጠውን ድርጅት የሚቆጣጠረው ሲኪውሲ፣ ማለትም የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ነው። በ2008 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በሚያዝያ 2009 ሥራ ጀመረ። ያለ እሱ ምዝገባ እንዲህ ያለ አገልግሎት መስጠት ወንጀል ነው። መርማሪዎቹ መኖሪያ ቤቶችን ብዙ ጊዜ ሳያሳውቁ ይጎበኛሉ፤ አምስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ሰዎቹ ከጉዳት ተጠብቀዋል ወይ፣ እንክብካቤው ውጤት አለው ወይ፣ በርኅራኄ ነው ወይ የሚሰጠው፣ ለሚያስፈልጋቸው ነገር ምላሽ ያገኛሉ ወይ፣ ቤቱስ በደንብ ይመራል ወይ። ከዚያ ደረጃ ይሰጣሉ፤ የላቀ፣ ጥሩ፣ መሻሻል የሚያስፈልገው፣ ብቁ ያልሆነ። ቤቱ ደረጃውን ሰው በሚያየው ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት።

ጉድለት ሲገኝ የሚወሰደው እርምጃ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ፣ ይህን ደንብ ጥሳችኋልና እንዴት እንደምታስተካክሉ በጽሑፍ አሳውቁን ይላል። ከበድ ካለ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ አስተካክሉ የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጣል። ከዚያ በምዝገባው ላይ ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ለምሳሌ አዲስ ሰው እንዳትቀበሉ ሊል ይችላል። ከዚያም ምዝገባውን ማገድ ወይም መሰረዝ አለ። ውሳኔውን የተቃወመ ድርጅት በ28 ቀን ውስጥ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ በሰው ላይ አስቸኳይ አደጋ ካለ ግን እርምጃው ይግባኙን ሳይጠብቅ ወዲያው ይጸናል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ደግሞ፣ በጥንቃቄ ጉድለት ሰው የተጎዳበትን ድርጅት ራሱ ሲኪውሲ በወንጀል መክሰስ ይችላል። ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ በሥልጠና ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁት ውስጥ የያዝኩት ግን የመጨረሻውን ብቻ ነበር፤ ይዘጋሉ። በመካከል ያሉትን ደረጃዎች፣ ማለትም ይጠይቃሉ፣ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ተመልሰው ያያሉ የሚሉትን፣ ጆሮዬ አሳለፋቸው። አላወቅኩም ያልኩት አለማወቅ፣ ሳስበው፣ ለእኔ የሚመቸኝ አለማወቅ ነበር።

መርማሪዋ የመጣችው ማለዳ፣ እኛ የሌሊቶቹ ገና ሳንወጣ ነው። ቻርቶቹን አገላበጠች። ሌሊት ምን ያህል ሰው እንደምንመደብ የሚያሳየውንም ዝርዝር አየች። ከዚያ በር ዘግታ ለብቻዬ አነጋገረችኝ። የምነግራት ነገር በስሜ እንደማይጻፍ ነገረችኝ። «ሌሊት ላይ በቂ ሰው አላችሁ?» አለችኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ጠያቂዋም አልቸኮለችም። ከጠየቀች በኋላ ጥቂት ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ያ ዝምታ ለእኔ የተተወ ቦታ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። እኔ ግን እሱንም ሞላሁት። «አዎ፣ እርስ በርሳችን እንረዳዳለን» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ከእሷ ጋር ሳወራ የነበረው ድምፄ በጣም የተረጋጋ መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው።

ከሳምንታት በኋላ ሪፖርቱ ወጣ። ደረጃው «ጥሩ» ነበር። ሠራተኞች በቂ ሰው እንዳለ እንደ ነገሯቸው፣ መዝገቦቹም ሰዎች በዕቅዳቸው መሠረት እንደሚገላበጡ እንደሚያሳዩ ተጽፎ ነበር። አነበብኩት። ያፈርኩ ይመስልዎታል? አላፈርኩም። ወይም፣ በትክክል ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ከእፎይታው በኋላ ደግሞ የተጻፈውን ትንሽ ትንሽ ማመን ጀመርኩ። ሲኪውሲ ካለው ምናልባት እኔ አጋንኜ ይሆናል አልኩ። የራሴ ቃል በሌላ ሰው ፊደል ተመልሶ ሲመጣልኝ ምስክር አድርጌ ተቀበልኩት።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ነው አንዲት እናት ወደ እኛ የመጡት። ከአልጋ የማይነሱ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የከበዳቸው፣ እጅ ሲይዟቸው ግን ጠበቅ አድርገው የሚይዙ ሴት ነበሩ። በልቤ እማማ እላቸው ነበር። ልጃቸው በገቡበት ምሽት ክፍላቸው ውስጥ ዕቃ ስታስተካክል አገኘኋት። ብዙ ቤት ማየቷን፣ የእኛን ግን ሪፖርቱን አንብባ መምረጧን ነገረችኝ። «ሌሊት ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነበር ጭንቀቴ፤ እሱን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች። የነገረችኝ እንደ ምስጋና ነው። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንድ ጊዜ ከዋሹ በኋላ ግን ውሸቱ የራሱ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ዝም አልኩ።

ሌሊቱም እንደ ድሮው ቀጠለ። የሰው ቁጥር አልጨመረም፤ ለምን ይጨምር? በቂ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ያለፉ ሰዓቶች ነበሩ፣ የተሞሉ ባዶዎችም ነበሩ። ከጊዜ በኋላ እማማ ከጀርባቸው በታች ቀይ ምልክት ታየባቸው። ቀዩ ተላጠ፤ የተላጠው ጠለቀ። እንዲህ ያለ ቁስል ሦስተኛ ደረጃ ሲደርስ ቤቱ ለሲኪውሲ ማሳወቅ አለበት። ልታክማቸው የምትመላለሰው የአካባቢው ጤና አገልግሎት ነርስ ሴት ነበረች፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ጥያቄ የምታበዛ። ቁስሉን አይታ ቻርቱን ጠየቀችኝ። ገጽ በገጽ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና «መገላበጡ በደንብ ተይዟል፤ እንግዲያው ምክንያቱ ሌላ ነው» አለች። ፍራሹ እንዲቀየር አዘዘች። ምግባቸውን፣ ክብደታቸውን፣ ደማቸውን እንዲመረመሩ ጻፈች። ያልነበረ ምክንያት ፍለጋ ጀመረች።

ጥፋቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምሞላው ወረቀት ለተቆጣጣሪ የሚታይ ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ሌላ፣ ወረቀቱ ሌላ አድርጌ ለይቼአቸው ነበር። ነርሷ ግን ቻርቱን የምታነበው እማማን ለማወቅ ነው። የእማማን ሌሊት የምታይበት ሌላ ዓይን የላትም። ደግ፣ ጠንቃቃ፣ የተማረች ሴት ቆማ አእምሮዋን ሁሉ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ስታዞር አየሁ፤ ያዞራትም የእኔ 2:10 እና የእኔ 4:05 ነው። ቁስሉ በእኔ ባዶ ሰዓቶች መጣ ብዬ በእርግጥ መናገር አልችልም፤ እንደ እሳቸው ያለ ደካማ ሰው በደንብ ተይዞም ሊቆስል ይችላል። አልመጣም ማለትም አልችልም። ማወቅ የማንችለውም መዝገቡን ስላበላሸሁት ነው። ያን ቀን ግን አልተናገርኩም። በመረዳትና በመናገር መካከል ቀናት አለፉ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ እማማ እየቆሰሉ ነበርና ይህንም ከጥፋቴ ጋር እቆጥረዋለሁ።

በእነዚያ ቀናት ከሥራ ስመለስ ስለ ዊንተርቦርን ቪው አነብ ነበር። ብሪስቶል አጠገብ የነበረ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸው ሰዎች የሚታከሙበት የግል ሆስፒታል ነው። ቴሪ ብራያን የተባለ አንጋፋ ነርስ እዚያ ሠራተኞች ሕሙማንን ሲያንገላቱ አየ። በ2010 ለአለቆቹ ጻፈ። ለሲኪውሲም ተናገረ፤ ደጋግሞ ተናገረ። የሰማው አልነበረም። በግንቦት 2011 ቢቢሲ በፓኖራማ ዝግጅቱ በድብቅ የቀረጸውን አሳየ፤ ሆስፒታሉ ተዘጋ፣ 11 ሠራተኞች ጥፋተኛ ሆኑ፣ 6ቱ ታሰሩ። ሲኪውሲም ሳይሰማ በመቅረቱ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የፈለግኩት መጽናኛ ነበር፤ ብናገርም አይሰሙኝም ነበር ለማለት። መጽናኛው ግን በእጄ ላይ ተገለበጠ። እሱ ተናግሮ አልተሰማም። እኔ በር ተዘግቶ፣ ፊት ለፊት፣ በእርጋታ ተጠይቄያለሁ። የሚሰማ ሰው አጥቼ አይደለም ዝም ያልኩት።

ሕሙማን በእንክብካቤ ጉድለት ስለተጎዱበት ስለ ስታፎርድ ሆስፒታልም አነበብኩ። ሮበርት ፍራንሲስ ያን መርምረው በየካቲት 2013 ባወጡት ሪፖርት 290 ምክሮች አሉ፤ የቁጥጥሩ ሕግ ከዚያ በኋላ የጠነከረው በአብዛኛው በእሳቸው ሥራ ምክንያት ነው። ለዚያ ምርመራ ከመሰከሩት አንዷ፣ በድንገተኛ ክፍል ነርስ የነበረችው ሄሊን ዶነሊ፣ ሕሙማን ከ4 ሰዓት በላይ እንዳልቆዩ እንዲመስል ሰዓት አሳስተው እንዲጽፉ ይጠየቁ እንደነበር ተናገረች። ሰዓት ማሳሳት። ብዙ ሰዎች ስለተጎዱበት ነገር እያነበብኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ እጄ ሥራ ነው የማነበው። እነዚያን ሰዓት የጻፉ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁና።

በመጨረሻ ለነርሷ ነገርኳት። «ቻርቱን አትመኚው፤ ያልተገላበጡባቸው ሰዓቶች አሉ፤ የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ልጅቷንም እኔ እንዳስሞላኋት ነገርኳት። ነርሷ አልተቆጣችኝም፤ አላጽናናችኝምም። ወዲያው የመገላበጡን ዕቅድ ለወጠች፤ ጉዳዩንም ለአካባቢው መስተዳድር አሳወቀች፤ እንዲህ ሲሆን የመመርመር ግዴታ በ2014 የእንክብካቤ ሕግ መስተዳድሩ ላይ ተጥሏል። የሲኪውሲ መርማሪዎችም ተመልሰው መጡ። ደረጃው ወረደ። ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ አመራርና መዝገብ፣ ስለ ሠራተኛ ብዛት የተደነገጉት፣ በ2014 ለእንክብካቤ ድርጅቶች የወጣው ደንብ አንቀጾች 12፣ 17 እና 18 ተጥሰዋል ተባለ፤ ቀን የተቆረጠለት ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። ቤቱ አልተዘጋም። ሌሊት አንድ ሰው ተጨመረ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ሳይሆን፣ እማማ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ሊኖራቸው ይገባ የነበረው አንድ ሰው ነው የመጣው። ይህን ስል ፍርሃቴ ሁሉ ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። የሚዘጉ ቤቶች አሉ፤ ከአልጋቸው ተነሥተው የሚዛወሩ አረጋውያን፣ ቪዛቸው የሚበላሽባቸው ልጆች አሉ። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ተንከባካቢን ስፖንሰር የሚያደርግ ቀጣሪ በሲኪውሲ የተመዘገበ መሆን አለበትና፣ የምዝገባ መሰረዝ ዱላ ለእነሱም ይተርፋል። ነገር ግን ያን መመዘን የእኔ ድርሻ አልነበረም። መመዘን ያለባቸው ሰዎች የሚመዝኑትን እኔ ደበቅኩባቸው።

እማማ በተከታዩ ክረምት በሳንባ ምች ዐረፉ። ቁስላቸው በእርግጥ እየጠገገ ነበር፤ ይህን የምለው ራሴን ለማቅለል እንዳይሆን እየፈራሁ ነው።

ልጃቸው ሌሊት ሰው ያንስ እንደነበር ከሁለተኛው ሪፖርት አውቃለች። የመጀመሪያውን ሪፖርት ውሸት ያደረገው መልስ የእኔ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። አልነገርኳትም። ለምን? ሐዘኗን እንዳላከብድባት ብዬ፣ ለእሷ ብዬ። ይህ ዐረፍተ ነገር በአእምሮዬ ሲመጣ አወቅኩት። ለልጆቹ ብዬ፣ ለአረጋውያኑ ብዬ፣ ለአንቺው ነው፤ እነሆ ደግሞ ለእሷ ብዬ። በሌላ ሰው ጥቅም የሚጀምር ሐሳቤን ሁሉ አሁን ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። ሁልጊዜ ሐሰት ነው አልልም፤ ሐሰት ሲሆን ግን በዚያ በር እንደሚገባ ተምሬአለሁ።

ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ የተመዘገበ ድርጅት የግልጽነት ግዴታ አለበት፤ የደንቡ አንቀጽ 20 ነው። በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ፣ የሆነውን በእውነት ለተጎዳው ወይም ለቤተሰቡ መናገር፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጣራ መግለጽ፣ ማዘንን መግለጽ፣ ሁሉንም በጽሑፍ መስጠት። ግዴታው የድርጅቱ እንጂ የእኔ የግል አይደለም። ቢሆንም ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አየሁበት፤ ከተጎዳው ሰው ምንም አይጠይቅም። ምሕረት አድርጉልን እንዲባል አያዝም። እውነቱ የእነሱ ነው፣ ስጧቸው ይላል። በዚያ ቅደም ተከተል ጻፍኩላት። መርማሪዋ የጠየቀችኝን፣ የመለስኩላትን፣ ልመልስላት ይገባ የነበረውን፣ በእናቷ ቻርት ላይ የትኞቹ ሰዓቶች በእኔ እጅ እንደተፈጠሩ የማስታውሰውን ያህል ጻፍኩ። ላክሁት። መልስ እንድትሰጠኝ አልጠየቅኩም፤ ይህን ስጽፍም መልስ እየጠበቅኩ አይደለም። የምታደርገውን የምታውቀው እሷ ናት።

አብራኝ የምትሠራዋን ልጅም ይቅርታ ጠይቄአታለሁ ብል ደስ ባለኝ። የነገርኳት ሌላ ነው፤ ያን ንጋት ትክክል የነበረችው እሷ እንደሆነች ነገርኳት። ወጣት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ትክክል ነው ያላትን ነገር ከውስጧ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት አላውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ በዚህ ሥራ ካሉ፣ ወይም እናትዎ በእንዲህ ያለ ቤት ካሉ፣ አንድ ነገር ይወቁ። ፔኒ ዳሽ በ2024 ሲኪውሲን መርምረው ባወጡት ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በ2019–20 ወደ 16,000 ይጠጋ የነበረው የጉብኝት ቁጥር በ2023–24 ወደ 7,000 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ሲኪውሲ ሊመረምራቸው ከሚችላቸው ቦታዎችም ከአምስት አንዱ እስከዚያ ጊዜ ደረጃ ተሰጥቶት አያውቅም ነበር። መርማሪ እንዲህ አልፎ አልፎ ሲመጣ፣ በዚያች ማለዳ የተነገረ ቃል ለዓመታት በር ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ሰው እሱን አንብቦ እናቱን ያስገባል። ሕጉ፣ ማስጠንቀቂያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቅጣቱ ሁሉ የሚነሣው አንድ ሠራተኛ ካየችው ነገር ነው። እሷ ካልተናገረች፣ ወይም ቻርቱ እውነቱን ካልያዘ፣ ሕጉ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ስም ሳይጠቅሱ ለሲኪውሲ መናገር ይቻላል፤ የሕዝብን ጥቅም የሚነካ ጥፋት ያጋለጠ ሠራተኛን የሚጠብቅ፣ በ1998 የወጣ ሕግም አለ። ሕጉ ፍርሃትን ሁሉ አያስወግድም፤ በተለይ ቪዛው በቀጣሪው እጅ ላለ ሰው። ይህን እያወቅኩ፣ ለእኔ ግን ያ ፍርሃት እንዳልነበረብኝም እያወቅኩ ነው የምናገረው። ያየሁትን እንዳየሁት መናገር ከሥራዬ በላይ የሆነ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህም ለጀግኖች ተውኩት። የሥራዬ አንዱ ክፍል ነበር፤ እንደ ማገላበጡ፣ እንደ ማጠቡ፣ ውሃ እንደ ማጠጣቱ፤ ደመወዝም ተቀብዬበታለሁ።